ተጠርታ አልመለሰችም ስለተባለችው ልጄ

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን ስመኝ ከልቤ ነው፤ በእርስዎ ሆስፒታል መታመም ምን እንደሚመስል በዓይኔ ስላየሁ፣ እርስዎን ጨምሮ ማንም እንዲታመም አልፈልግም። እኔ በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። አንድ ማመልከቻ ስንት «በታላቅ አክብሮት» እንደሚያስፈልገው ጠንቅቄ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ ብዕሬ አልታዘዝ ቢለኝ ይቅርታዎ አይለየኝ። ቅሬታ ሰሚው ክፍል ለእድሳት ተዘግቷል ስለተባልኩም ቅሬታ አላቀርብም፤ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ፣ አክስቷ «የቤታችን ራዲዮ» የምትላት የአሥራ አራት ዓመት ልጄ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዝም አለች። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ራሷን ይዛ ታቃስታለች፣ ያስመልሳታል፣ መጋረጃውን ስገልጥ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ብላ ፊቷን ታዞራለች። አገጭሽን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርጊ ብላት አንገቷ አልታጠፍ አለ። እየደገፍኩ ሳመጣት ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ገና እንዳየቻት ማጅራት ገትር ነው ብላ ጠረጠረች፤ የአንጎልን ሽፋን የሚያስቆጣ፣ ከዘገዩበት የሚገድል ወይም አካል የሚያጎድል በሽታ መሆኑንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ለእርሷ ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ይለዩልኝ።

2ኛ፣ መድኃኒቱን ከልጄ አልጋ ራስጌ ባለው ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ስላኖሩልን አመሰግናለሁ። ከውጭ ገዝተሽ አምጪ አልተባልኩም፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ሆኖም በመስተዋቱ ላይ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት መመሪያ ተለጥፏል፤ ከጀርባ አጥንት የሚቀዳው ፈሳሽ ሳይመረመር ይህን መድኃኒት መጀመር ክልክል ነው ይላል። ከሥሩ ሁለተኛ መመሪያ አለ፤ ጭንቅላት ሲቲ ስካን ሳይነሳ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ክልክል ነው ይላል። የሲቲ ስካኑ ክፍል ደግሞ ተቆልፏል፤ ባለሙያው አገልግሎትን ስለማቀላጠፍ እርስዎ በጠሩት ስብሰባ ላይ ነበር። ስብሰባው ፍሬያማ እንደነበር በኋላ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብቤ ተጽናንቻለሁ።

ወጣቷ ሐኪም ወደ ስብሰባው አዳራሽ ደጋግማ ደወለች፤ የሚያነሳ አልነበረም። «እናቴ፣ እኔስ ብጀምርላት ደስታዬ ነው፤ ግን ያባርሩኛል» አለችኝ እንባ አቅርራ። ልጄ በዚህ መሐል መቃዠት ጀመረች። ክፍል ውስጥ ያለች መስሏት፣ መምህሯ ስም የሚጠራ መስሏት፣ «አለሁ! አለሁ!» ትላለች። እኔ እግሯን ይዤ ቁም ሣጥኑን አያለሁ። ክቡር ሆይ፣ መስተዋቱን ልሰብረው ነበር፤ ያልሰበርኩት የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ስለማላውቅ ብቻ ነው።

3ኛ፣ ከሌላ ክፍል ሕመምተኛ ሊያይ የመጣው ሸበቶ ሐኪም በአጠገባችን ሲያልፍ የልጄን ድምፅ ሰምቶ ቆመ። መድኃኒቱ ለምን እንዳልተጀመረ ጠየቀ፤ መመሪያውን አሳዩት፤ አላነበበውም። «ደሟን ለምርመራ ቅዱና አሁኑኑ ስጧት፤ የአንጎል እብጠት የሚቀንሰውንም መርፌ አብራችሁ። ፈሳሹ ይደርሳል» አለ። እንዳለውም ደረሰ፤ ስብሰባው ሲያበቃ ሲቲ ስካኑ ተነሳ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጥፋ በጎኗ ተኝታ ፈሳሹ ተቀዳ፣ እንደ ውሃ ኩልል ማለት የነበረበት ደፍርሶ ወጣ። ቀድሞ በተወሰደው ደሟም ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ መጀመሩ፣ መመሪያው እንደሚሰጋው፣ ከምርመራው የሸሸገው ነገር አልነበረም። ለዚህ ሐኪም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሰጡት ሰምቻለሁ። ማስጻፍ ፈልገው ቢሆን እኔ በነፃ እጽፍልዎ ነበር፤ ጥፋቱንም «ልጅ ማዳን» ብዬ አሳምሬ እገልጸው ነበር።

4ኛ፣ ልጄ ተረፈች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ አወቀችኝ፣ ከዚያም «እማዬ፣ ለምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?» አለችኝ። እየጮህኩ ነበር። በማግስቱ ሹክሹክታውም ጠፋ። ያለፈው ጊዜ ይሁን በሽታው ራሱ ጆሮዋን የወሰደው ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አልቻለም፤ እኔም የማላውቀውን አልመሰክርም። ግን ያ ቁም ሣጥን ከዓይኔ አልጠፋም። ተቆጥቻለሁ፣ ከቁጣዬም በላይ ፈርቻለሁ።

የፈራሁበትን ልንገርዎ። ሸበቶው ሐኪም እንዳስረዳኝ ከዚህ በሽታ በኋላ የውስጥ ጆሮ እየዋለ ሲያድር ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ በውስጡ የሚተከለውን የመስሚያ መሣሪያ ማስገባት ያዳግታል። ስለዚህ «ሩጪ» ብሎኛል። ሮጥኩ።

5ኛ፣ እና የመጨረሻው ምስጋናዬ ለጆሮ ክፍሉ ነው። አስታማሚ ከበሩ እንዳያልፍ ደንብ አውጥተዋልና ልጄ ብቻዋን ገባች። ለጥበቃው ልጄ አትሰማም ብዬ ብነግረው «የጆሮ ክፍል የሚመጣ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ እህቴ» አለኝ። በቀጠሮ ካርዷ ላይ «ስምዎ ሲጠራ ይግቡ» ተብሎ ታትሟል፤ ልጄ ታዛዥ ናት፣ ጠበቀች። ሰው እየተነሳ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ አግዳሚው ባዶ እስኪሆን ጠበቀች። ጠርታለች የተባለችው ነርስ የጠራችው በሩን ገርበብ አድርጋ ከውስጥ ነው። መዝጋቢው ኋላ ላይ «ተጠርታ ነበር፣ አልመለሰችም፤ ተራዋ አልፏል» ብሎ ለመጪው ዓመት ቀጠሮ ሰጠን። ለማይሰሙ ሰዎች በተከፈተ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ሰው ብቻ እንዲታከም ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለም፤ ላደንቅዎ ቃል አጥሮኛል።

እንግዲህ በታላቅ አክብሮት፣ ደግሜም በታላቅ አክብሮት፣ ቀጠሮዋን በዚህ ሳምንት እንዲያደርጉልኝ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የለጠፉትንም እንዲያነሱት እለምናለሁ። ነገ ሌላ ልጅ በዚያ አልጋ ላይ ትተኛለች።

የመመሪያዎ ትጉህ አንባቢ፣ የስብሰባዎ ውጤት ተካፋይ፣ ከበሩ ውጭ የቆመች እናት

ግልባጭ፦
ለሸበቶው ሐኪም፣ ከማስጠንቀቂያው ጋር እንዲያያዝለት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስጽፍ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ አነበበችው። «እማዬ፣ ጠርተውኝ ነበር እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን፤ የራሷንም ድምፅ ስለማትሰማ መመጠን አትችልም። ከትምህርት ቤት ቀርታ የማታውቅ ልጅ ናትና አልመለሰችም መባሏ ከነከናት። ነገም ትመጣለች፤ ከጆሮ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ ቢጫ ሻርፕ አድርጋ። የሚጠራት ሰው ወጣ ብሎ ትከሻዋን ነካ ያድርጋት። «አለሁ» ትላለች፤ እርስዎም ቢሮዎ ድረስ ይሰሙታል።