ማን ይጀምር?

ወንድምዬ፣ ከበሮ መቺዬ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ግራ ገብቶኛል። የስንቱን አገር ጭፈራ ተምሬ እዚህ አገር ስደርስ እግሬ ተሳሰረ።

ትናንት ልምምድ አዳራሹ መሃል አቆሙኝና የእነሱ ከበሮ መቺ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ከበሮአቸውን አቅፈው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እንደለመድኩት ምቱ እስኪጠራኝ ጠበቅሁ። እሳቸውም እኔን እያዩ ይጠብቃሉ። ጫማዬ ቆርቁሮኝ እግሬን ባነሳ፣ ከበሮው ድም አለ። ደንግጬ ዞር ስል፣ ድም ድም። ለካ እዚህ ጨፋሪው ይጀምራል፣ ከበሮው ይከተላል።

አስተማሪዋ፣ "በይ እንጂ ልጄ፣ ሰውነትሽ የሚልሽን አድርጊ" አለችኝ። ምን እንደሚለኝ ጠፋኝ። አንተ ሳትመታ ጠይቄው አላውቅማ።

እስቲ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። ያ ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ትከሻ የእኔ ነው ወይስ የአንተ?

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ይቺን ጠርዙ ላይ አጣብቄ ነው የምጽፈው። እናቴን ሳምልኝ፣ የቡድኑን ልጆችም። ስመለስ አደራህን፣ አንድ ቀን ከበሮህን አቅፈህ ዝም በልልኝ። ካቃተኝ ግን አትጨክንብኝ፤ ምታልኝ።