ለእትዬ አምባዛ የሚሆን መንጠቆ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ክብርት ደብተሬ ሆይ፤ ሽፋንሽ የጠነከረ፣ ገጽሽ የነጣ፣ የሚነገርሽን ሁሉ ሳታቋርጪ የምትሰሚ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት የሰው ስሕተት በቀይ ቀለም ስከብብ ኖሬ የራሴን ነገር የማሰፍርበት ስፍራ ላጣሁት ለእኔ በጡረታዬ ዘመን የተገኘሽ ታጋሽ ወዳጅ፤ እስከ ዛሬ የሐኪም ቀጠሮና የቧንቧ ብልሽት ብቻ ሳሸክምሽ ቆይቼ አሁን ከፍ ያለ ጉዳይ ይዤ ፊትሽ ስቀርብ እንዳትታዘቢኝ እለምንሻለሁ። ጉዳዩ መንጠቆ ነው።

ጠዋት ዳቦ ገዛሁ። ጋዜጣው ላይ ሦስት ስሕተት አገኘሁ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ እትዬ ዘንድ ሄድሁ። ቤቷ በካርቶን ተሞልቷል። ታላቅ እኅቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ሥራውን ትቷል፤ ስለዚህም በሌላ ከተማ ፋርማሲ ያላት ልጇ በሠላሳኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ መኪና ይዛ መጥታ ልትወስዳት ቆርጣለች።

«ሳልሄድ ያንን አምባዛ ታወጣልኛለህ ወይስ ነውርህን እንደ ታቀፍህ ትቀራለህ?» አለችኝ።

ያ አምባዛ! ስድሳ ዓመት አልፎታል እኮ። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ስፍራ፣ እሷ ዘንጉን ይዛ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን አምባዛ ጢሙ ከውኃ በላይ እስኪታይ ድረስ ጎትታ ካቀረበችው በኋላ፣ እኔ የመረጥሁት መንጠቆ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ዓሣው ወደ መጣበት ተመለሰ። መንጠቆውን እስከ ዛሬ ድረስ የልብስ ቁልፍ በምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ አኑራዋለች። ዛሬም በዳበሳ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ የምልህ...» ብላ ጀመረች።

«ብረቱ ለስላሳ ነበር» አልኋት። «ጥፋቱ የሠሪው እንጂ የመራጩ አይደለም።»

ካርቶኗን ማሰር ቀጠለች።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ገመድ፣ ቀለምና መንጠቆ ከምትሸጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ወይዘሮ ሚስማር» ከሚላት ባለሱቅ ዘንድ ሄድሁ። መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣ እጇ የብሎን ሳጥን ውስጥ።

«ለአምባዛ የሚሆን ትልቅ መንጠቆ ስጪኝ። ቁጥር አሥር።»

«ጋሼ፣ አሥር ለአምባዛ? አሥር ማለት እኮ...»

«አሥር ማለት አሥር ነው።»

ትከሻዋን ነቀነቀች። አሥር ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ደርሼ ፈታሁት... ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ ነገር! አምባዛ ቀርቶ ጉንዳን የሚያፍርበት። አሥሩንም ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ቀለዱብኝ? ማን?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ተመልሼ ሄድሁ። ወይዘሮ ሚስማር አልሳቀችም፤ አለመሳቋ ይበልጥ አቃጠለኝ።

እንዲህ ነው ሥርዓቱ አሉ፦ ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ያድጋል፤ አንድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ «አንድ በዜሮ»፣ «ሁለት በዜሮ» እያለ ከቁጥሩ ጋር ማደግ ይጀምራል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ረቂቁን አንዲት ቀን እንኳ በእኔ ጠረጴዛ በኩል አሳልፎት ቢሆን ኖሮ፣ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰምሮበት፣ «ይህ ቁጥር ነው ወይስ እንቆቅልሽ?» ተብሎ ተጽፎበት ይመለስለት ነበር።

ስድስት በዜሮ ገዛሁ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ የበር ማንጠልጠያ የሚያህል። ይህን የሚያቃና አምባዛ ገና አልተፈጠረም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ዳር። የዶሮ ጉበት ሰክቼ ጣልሁ። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያሰርኋት ቃጭል አምስት ጊዜ ጮኸች። አምስት ጊዜ ሳብሁ። አምስት ጊዜ ባዶ! ጉበቱ የለም፣ መንጠቆው አለ። ቀላቢ ሆኛለሁ ማለት ነው?

ማታ ሳይመሽ እትዬ ዘንድ አለፍሁ። መንጠቆውን ተቀብላ ጫፉን የአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አስደግፋ ገፋ አደረገችው። ተንሸራተተ።

«ስል ቢሆን ጥፍሬ ላይ ነክሶ ይቆም ነበር። ይኼ መንጠቆ አይደለም፣ የኮት መስቀያ ነው» አለች። «የአምባዛ አፍ ዳሩ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ መች ይገባለታል?» ሳቋ ሲያበቃ ዝግ ብላ፣ «እኔ የምልህ፣ ያ የኋለኛው ክፍልህ...»

«ሞረድ አለሽ?» አልኋት።

ከየትኛው ካርቶን ውስጥ እንደሆነ ነገረችኝ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

አውራ ጣቴ ቆስሏል። መንጠቆው አሁን ስል ነው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ያዝሁ... ባልያዝሁ ይሻል ነበር።

ባለፈው ቶሎ ስቤያለሁ ብዬ ጠርጥሬ ስለነበር፣ ዛሬ ቃጭሏ ስትጮኽ አንድ ሲጋራ የሚያስጨርስ ጊዜ ቆየሁ። ሳወጣው ከግማሽ ክንድ የማይበልጥ ጨቅላ አምባዛ ነበር፤ መንጠቆውን እስከ ሆድ ዕቃው ውጦታል። ከውጭ የሚታየው ክሩ ብቻ። ላወጣለት ሞከርሁ፤ ደም በደም ሆነ። ክሩን ቆርጬ ለቀቅሁት፤ ገልበጥ ብሎ ነጭ ሆዱን እያሳየኝ ወረደ። ምሳዬን መብላት አልቻልሁም።

ለእትዬ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ለልጅ ካራ እንደ ማጉረስ ነው። ሌላ ዓይነት አለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ...» ክንዴን ዳብሳ ይዛ፣ «እኔ የምልህ...»

«አታስተምሪኝ! ራሴ እደርስበታለሁ!»

ለምን እንደዚያ ጮኽሁባት? እኔ እንጃ። ሰው ሲደክመው ይጮኻል።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ወይዘሮ ሚስማር ያንኑ ዓይነት አወጣችልኝ። ክብ ነው። ጫፉ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ገዛ ግንዱ ዞሮ ይመለከታል። ይህ እንዴት ብሎ ይወጋል?

«አይወጋም ጋሼ። አይመንጭቁት ብቻ። ዓሣው ጎርሶ ሲሄድ ክሩ ሲወጠር፣ ራሱ ዞሮ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይይዛል። ሆዱ አይገባም። ጉበቱን ደግሞ እንደ ትራስ አይጠቅጥቁበት፣ አፉ ክፍት ይሁን። እና እጅዎን...» ቆም ብላ አየችኝ። «እጅዎን ኪስዎ ይክተቱት።»

ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰው እጁን የት እንዲያደርግ ይነገረዋል? ሆነም ቀረ አራት ፍሬ ገዛሁ፤ ሁለት በዜሮ፣ ቀጭን ግን ጠንካራ ብረት። ጥፍሬ ላይ ሞከርሁት። ነክሶ ቆመ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

የሰው ልጅ እጅ ከባለቤቱ ምን ያህል እንደሚያምፅ ለማወቅ የሚሻ ማንም ቢኖር፣ ዛሬ ከድልድዩ በታች በጭቃ ተቀምጦ፣ አይመንጨቅ የተባለውን መንጠቆ ከአእምሮው ትእዛዝ ውጭ በገዛ ክንዱ ሲመነጭቅ የዋለውን አሮጌ አራሚ ቢያይ በበቃው ነበር። ሲነክስ አውቃለሁ፤ አትሳብ እላለሁ፤ ስቤ እገኛለሁ! በመጨረሻ አዳልጦኝ በቂጤ ተቀመጥሁ። ኮፍያዬን ወንዙ ወሰደው።

እትዬ የሱሪዬን ጭቃ በሽታው አወቀችው።

«ስንት ጊዜ ነከሰ?»

«ሦስት።»

«ስንት ጊዜ መነጨቅህ?»

«...አራት።»

እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች፣ «አንተ የሰው ንግግር መቼ አስጨርሰህ ታውቅና ነው አምባዛን ጉርሻውን የምታስጨርሰው? ሰው አፉን ሲከፍት ነው የምትስበው» አለች።

ተነሥቼ ወጣሁ። ሻይ አልጠጣሁም። ሰባት ቀን ቀራት፤ በሰባት ቀን ደግሞ ስድብ ለመስማት ጊዜ የለኝም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

አልሄድሁም። እሷም አልደወለችም። ጎረቤት ምሥማር ሲመታ ዋለ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ሌላ ሥራ ስላጣሁ ቀይ ብዕሬን አንሥቼ ይህንኑ ደብተር ማረም ጀመርሁ። ልማድ ነው። በዐሥራ አንደኛው ቀን የተጻፈው ላይ «እኔ የምልህ...» ይላል። ተከታዩን ፈለግሁ፤ የለም። በዐሥራ ሰባተኛው፣ «እኔ የምልህ፣ ያ የኋለኛው ክፍልህ...»፤ ቀጥሎ ያለው የእኔ ሞረድ ነው። በሃያኛው፣ «እኔ የምልህ...»፤ ቀጥሎ ያለው የእኔ ጩኸት ነው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተጀምሮ አንድም ጊዜ አላለቀም። ሠላሳ አራት ዓመት የጎደለ መስመር እያሽተትሁ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ ይህ በገዛ እጄ ጽሕፈት አለፈኝ።

ሦስቱንም ከበብኋቸው።

የኋለኛው ክፍሌ... በአሮጌ መጻሕፍትና በታሰረ ወረቀት የተሞላው? ምን ልትል ነበር? ደውዬ ልጠይቃት ስልኩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ብጠይቃት መልሱንም እኔው እጀምርላታለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

እትዬን በታክሲ ወንዝ ዳር ወሰድኋት። ደመና ነበር። ነጂው ባለመደገፊያ ወንበሯን እስከ ውኃው ዳር አደረሰልን። ክቡን መንጠቆ አሰርሁ፤ ጉበቱን በትንሹ፣ አፉን ሳልደፍን ሰካሁ፤ ወርውሬ ዘንጉን ለእሷ ሰጠኋት።

«እኔ ልይዝ?»

«ያዢ።»

እጆቼን ኪሴ ከተትሁ። አንዱ ኪስ የተቀደደ ነው፤ ጣቴ ጭኔ ላይ ወጣ።

ብዙ ተቀመጥን። ስለ ልጇ ጉንፋን አወራን። ከዚያ፣ «እኔ የምልህ...» አለችና ቆመች። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። እንዳቋርጣት እየጠበቀች ነበር።

ዝም አልሁ። ጥርሴን ነክሼ ዝም።

ያን ጊዜ ክሩ ተንቀሳቀሰ። በዓይኔ አየሁት። ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ፣ ውኃውን እየሰነጠቀ። እጄ ኪሴ ውስጥ ዘለለ። «እትዬ!» ልል ነው... «እትዬ!»... አላልሁም።

«ልጄ ጥሩ ልጅ ናት» አለች። «ግን አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን አላውቀውም። ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ ከግድግዳ ጋር ልውል ነው። እዚህ ቢያንስ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ለእሷ እንዳልነግራት ክፍሉን ቀለም አስቀብታዋለች፣ አንጀቴ አልቻለም። አንተ ያ የኋለኛው ክፍል አለህ። ከመጻሕፍትህ ያነሰ ቦታ ነው የምይዘው። እምቢ ካልህም አሁን በለኝ፣ ዓሣ ሳይመጣ።»

ጨርሳ እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጠበቅሁ።

«ዓሣው መጥቷል» አልሁ።

«ክፍሉስ?»

«ክፍሉ ያንቺ ነው።»

ክሩ ተወጠረ። ዘንጉ ጎበጠ። እሷ አልመነጨቀችም፤ ቀና አድርጋ ያዘችው ብቻ። «ኧረ አንተ... ኧረ ይኼ ሰውዬ ከባድ ነው!» ወንበሯን ከኋላ ይዤ ቆምሁ፣ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ለዳር ሲቀርብ ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ አቀፍሁት። መንጠቆው በከንፈሩ ጥግ፣ ወይዘሮ ሚስማር እንዳለችው፣ ልክ ጥጉ ላይ።

የዚያን የጥንቱን ግማሽ አያህልም። ጭኗ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አኖርሁላት። ራሱን ዳበሰች፣ አፉን ዳበሰች።

«ጢሙ ያው ነው» አለች።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

አምባዛውን ቀቅለን በላን። «ስድሳ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ጭቃ ጭቃ ይላል» አለች። እኔም አልካድሁም። ክቡን መንጠቆ አጥባ ቀጥ ካለው ጎን ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተችው።

ከጠዋት ጀምሮ መጻሕፍቱን ወደ ሳሎን አወጣሁ። ወገቤ ተቆርጧል። በኋለኛው ክፍል ውስጥ መስኮት እንዳለ ረስቼው ነበር።

ለእኅቴ ልጅ የምልከውን መልእክት አራት ጊዜ ጻፍሁ። የመጀመሪያው «የመድኃኒት ጥበብ ባለቤት፣ የእናትሽ መመኪያ፣ የወገንሽ ኩራት» ብሎ ጀምሮ ገጽ ተኩል ሞልቶ ጉዳዩ ላይ ሳይደርስ አለቀ። በቀይ ሰረዝሁት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ለእትዬ አነበብሁላት፤ «አሁንም ትመነጭቃለህ» አለች።

አራተኛው ይህ ነው፤ ነገ ጠዋት ይላካል፦

ልጄ፣ እናትሽ ከእኔ ጋር መኖር ትፈልጋለች፤ ቀለሙን አስቀብተሽ ስለነበር ልትነግርሽ ከበዳት። ደውለሽ ራሷን ጠይቂያት፤ እስክትጨርስም ስሚያት። ቅዳሜ በመኪናሽ ስትመጪ አልጋዋን ወደ እኔ ቤት አድርሺልኝ።