የሜፕል ውሃ በወረደበት ሳምንት

ኮልድ ብሩክ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1923

ለሆዴ ለሉዌላ፣

የቦስተን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ እንደ ልማዱ ዝናብ ሳይመጣ ይተነብያል። በይ አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ቆመው የሚያነቡት ወሬ አይደለም። ረቂቁ አለፈ!

ዳኛው «ልጅ የአባቷ ናት፤ ሕጉ ይኸው ነው» ብሎ ልጅሽን ኔቲን ለባልሽ ለክላረንስና ለእናቱ ከፈረደላቸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የተሻረው እንግዲህ ያ ሕግ ነው። ከአሁን በኋላ በልጅ ላይ እናትና አባት እኩል ናቸው። አገረ ገዢውም ፈርሞበታል። ጉዳይሽ እንደ አዲስ ይታያል፣ ልጄ።

እንዴት እንዳለፈ ካልነገርኩሽማ ያፍነኛል። እኔ እንደራሴ ሆኜ እስክመረጥ ድረስ ያንን ምክር ቤት ሴት የረገጠችው ወለሉን ለመጥረግ ብቻ ነበር። የገባሁ ሰሞን ትሸሻለች ብለው የትምባሆ መትፊያቸውን ከወንበሬ አጠገብ አስቀመጡልኝ። ጃንጥላዬን አቆምኩበት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተፋበትም።

ረቂቁን ሲቃወም የከረመው ፕሬስኮት የሚባል የከተማ ጠበቃ ነው። «ክቡራን፣ ጥጃ የበረቱ ጌታ ንብረት ናት። ልጅም እንደዚያው» አለ ጢሙን እያሻሸ።

ብድግ አልኩ። «ሚስተር ፕሬስኮት፣ እርስዎ ጥጃ ያዩት ሳህን ላይ ነው። እስቲ ከእናቷ ለይተው አንድ ሌሊት በረቱ አጠገብ ይተኙ!»

ገበሬዎቹ እንደራሴዎች ወለሉን በእግራቸው እየደበደቡ ሳቁ። ሰውየው ግን ቀላል እንዳይመስልሽ። ገበሬዎቹ ወደ እኔ ማዘንበላቸውን ሲያይ የድምፅ መስጫውን ቀን ከሰኞ ወደ ሐሙስ አስገፋው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ረቡዕ ማለዳ የደቡብ ነፋስ ነፍሶ ከጣራው በረዶ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። እየፈላ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚሆነው የሜፕል ዛፍ ውሃ ሊወርድ! ያን ሰሞን ገበሬን ወንበር ላይ አስሮ የሚያስቀምጥ ሕግ ገና አልወጣም። እራት ላይ ስንቀርብ በምናድርበት የእንግዳ ማረፊያ በር የገበሬዎቹ ሻንጣ ተደርድሯል።

«ይቅርታዎን እሜቴ» አለኝ አሳሄል፣ ያ ጢሙ ደረቱ የሚደርሰው ገበሬ። «ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ዛፉ ግን አይጠብቀኝም።»

«እኔስ ዛፍ የለኝም?»

«እርስዎማ ባል አለልዎት።»

«አንተስ ሚስት የለችህም?» አልኩት። ይህ ከአፌ እንደወጣ ሐሳቡ መጣልኝ።

ቀጥ ብዬ ለሄፕሲ ደወልኩ። የስልክ ማዞሪያው ላይ ተቀምጣ ሰዉን እያገናኘች የሸለቋችንን ጓዳ ሁሉ በእጇ ይዛ የለ! ሁሉንም ነገርኳትና «ሄፕሲዬ፣ አደራ፣ ከአንቺ እንዳይወጣ» አልኳት። እንዲህ ካልተባለች ወሬ በደንብ አይሮጥላትም።

ሾርባው ሳይቀዘቅዝ የኮሪደሩ ስልክ ጮኸ። አሳሄል ተጠራ። እሱ ማዳመጫውን ከጆሮው ቢያርቀውም የሚስቱ ድምፅ እኛ ማዕድ ድረስ መጣ።

«አንተ አሳሄል! ባልዲውን እኔና እህቴ ዛፉ ላይ አንጠልጥለነዋል። ድምፅህን ሳትሰጥ እዚህ በር ብትደርስ ውሃውን ብቻህን ታፈላዋለህ፤ አልጋህንም ብቻህን ታሞቃታለህ!»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

ከዚያማ ስልኩ አላረፈም። አንዱ ሲመለስ ሌላው ጆሮውን እያከከ ይነሳል። ሻንጣዎቹ አንድ በአንድ ወደ ፎቅ ተመለሱ። በማግስቱ ፕሬስኮት ባዶ ወንበር አያለሁ ብሎ ቢገባ ገበሬው ሁሉ እንደ ሰርገኛ ጉብ ብሏል። ስሜ ሲጠራ «እደግፋለሁ» ያልኩበት ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። አፈ ጉባኤው ማለፉን ሲያውጅ አሳሄል ጠጋ ብሎ «እንግዲህ እባክዎ ለሄፕሲ ይደውሉላት፤ ቤቴ ልግባ» አለኝ።

ሰው «በዚህ ዕድሜሽ ምን ነክቶሽ ተወዳደርሽ?» ይለኛል። የወንዛችን ድልድይ ስለተሰበረ ነው እላለሁ። የድልድዩን ነገር እስከ ዛሬ በምክር ቤቱ አንስቼው አላውቅም።

እንግዲህ ሳትውይ ሳታድሪ ተነሺ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አባትሽ ከባቡር ጣቢያው በጋሪ ይቀበልሻል። ዳኛው ፊት አብረን እንቆማለን።

አባትሽን ታውቂው የለ? ስመረጥ «ላሞቹን ማን ሊያልብ ነው?» ብሎ ባልዲውን አንስቶ ወደ በረቱ ሄደ። ቅዳሜ ከበሩ ስገባ «አለፈ?» አለኝ። «አለፈ» አልኩት። ኮቱን ደርቦ ወጣ። ወዲያው ከጎተራው የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ፤ ብሄድ ትንሽ አልጋ ይሠራል። ሳንቃውን በጉልበቱ እንደያዘ «የኔቲ ቁመት የት ደርሷል?» አለኝ። እነክላረንስ ደጃቸውን ከዘጉብን ወዲህ መች አየናት? እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ፤ ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ ከዚያ አወረድኩት።

«እንጃ» አልኩት። «ረጅሙን ቁረጥ።»

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እናትና ልጅን በአንድ ማዕድ ያስቀምጥልን።

እናትሽ አልሚራ