እያንዳንዷን ማንኪያ

ሞጣ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ የቢቸናዋን እትዬ ጥሩወርቅን ነርስ ሆኜ በምሠራበት የሆስፒታል ክፍል ተኝታ አገኘኋት። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ብቻ «ቡዳ!» እያለች ከደጇ ታባርረኝ የነበረችው ሴትዮ ናት። ባጠገቧ ካለፍኩ ምግቧን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር።

ስትሮክ መትቷት ግማሽ ጎኗ አይታዘዝም። ምግብ እንዳያንቃት፣ ስትበላ ነርስ አጠገቧ ቆማ ጉሮሮዋን ማየት አለባት። ስታየኝ አወቀችኝና በተኮላተፈ አንደበቷ ልጇን «ሌላ ነርስ ጥሪልኝ» አለቻት።

«ዛሬ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እትዬ» አልኳት። ዋሸሁ። ሁለት ነበርን።

ኮሌጅ ሳለሁ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ነርሶች ስለ አንዷ አንብቤ ነበር። በሽተኞቹ በቀለሟ የተነሳ «እጅሽ አይንካን» ሲሏት ዝም ብላ ታስታምማቸው ነበር። ዝም ማለቷ ያኔም አናዶኝ ነበር።

ልጅቱ አጥሚቱን በነጠላ ሸፍና አመጣች። ነጠላውን ገፍፌ፣ አጣጥፌ ራስጌዋ አስቀመጥኩት። ከዚያ ዓይኔን ሳልነቅል እያንዳንዷን ማንኪያ አየሁ። ሁሉንም ጨረሰችው። አንድም ጊዜ አላነቃትም።

ነገ እረፍቴ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ተራ ተቀያይሬያለሁ።