የእትዬ ትንሽ ወደ ግራ ሕይወት፣ ሥራና ቅናት

እህታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ ሲሆኑ፣ ከበላያቸው ይህን የሚጽፈው ወንድማቸው፣ ከበታቻቸው ዛሬ ከፊት የተቀመጠችው ታናሽ እህታቸው ነበሩባቸው። «ነበሩባቸው» ያልነው አውቀን ነው። ታናሽየዋ የተወለደች ዕለት አልጋ ሥር ገብተው አልወጣም ማለታቸውን እናታችን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲስቁበት ኖረዋል።

ቅናታቸውን እዚህ የምናነሣው ራሳቸው ስላዘዙ ነው። ታመው ተኝተው ሳለ፣ «ቅናቴን ዘላችሁ መልአክ አድርጋችሁ እንዳታነቡኝ፤ ተነሥቼ ላርማችሁ አልችልም» ብለውናል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1970 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በሚገኝ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። መጀመሪያ ያጠቡትና ያደርቁት ሌላው ያነሣውን ፎቶ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ካሜራው እጃቸው ገባ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከፀጉር አስተካካዩና ከጫማ ጠጋኙ መካከል አንድ ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ፣ ሰማያዊ መጋረጃና ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ድምፅ ነበራቸው። ሹሙንም ሙሽራዋንም «ትንሽ ወደ ግራ» እያሉ ስለሚያዝዙ ሰፈሩ እትዬ ትንሽ ወደ ግራ ብሎ ስም አወጣላቸው።

ሙያቸው አንድ ዘዴ ነበረው። ደንበኛ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያነሡት ፊልም በሌለው አሮጌ ካሜራ ነበር። ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱ ድርቅ ይላል፤ «ቀጭ» ሲል ግን አለቀ ብሎ ትከሻውን ይጥላል። ያኔ እሳቸው ሌላውን ካሜራ ብድግ አድርገው እውነተኛውን ፊት ይይዙታል። ይህን ዘዴ ያስተማሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለታናሽ እህታቸው። እሷም ፎቶ አንሺ ሆነች። ዕድሜ ልካቸውንም ምነው ባላስተማርኳት እንዳሉ ኖሩ።

በ1977 ዓ.ም. የፎቶ ፍሬም ከሚሠሩት አናጺ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. ክፉ ጊዜ መጣ። ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ ማንሣት ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ለመታወቂያ ከሚነሣ በቀር የሚገባበት ጠፋ። በዚያው ዓመት የታናሽ እህታቸው ፎቶዎች በከተማው አዳራሽ ተሰቀሉ፤ ጋዜጣም አወራላት። የባሰው ደግሞ ፍሬሞቹን የሠሩት የገዛ ባለቤታቸው መሆናቸው ነው። እንጨቱ ግቢ ውስጥ ሲላግ በሰሙ ቁጥር እህታችን በር እየዘጉ፣ መስኮት እየዘጉ ከረሙ። በመክፈቻው ዕለት ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው እየሄዱ እንከን ሲፈልጉ ዋሉ። አላገኙም። ራሳቸውን አሟቸው ቤት ገቡ።

ሙያውን ለመተው ወሰኑ። ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ለመሆን ተነጋግረው ጨረሱ። ካሜራቸውንም በፎጣ ጠቅልለው፣ ቢያንስ ከሥጋዬ አይውጣ ብለው፣ ወደ ታናሽ እህታቸው ቤት ሄዱ። እሷ ገና ፀጉሯን ታጥባ መውጣቷ ነበር። ፎጣውን ፈታች፣ ካሜራውን ዐይኗ ላይ አደረገች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጣቶቿ ያለ ፍለጋ ቦታቸው ላይ አረፉ። እህታችን ያን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ካሜራውን ከእጇ መንጭቀው መልሰው ጠቀለሉት።

«ልትሰጪኝ አልነበር እንዴ የመጣሽው?» አለቻቸው።

«ላሳይሽ ነው» አሉ፤ ከወጣትነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችውን ካሜራ።

በማግሥቱ ፎቶ ቤታቸውን ከፈቱ። ሙያውን ለመተው በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ለእሷ መተው ግን አልሆነላቸውም። ደንበኛ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ ብለው በርጩማቸውን ተሸክመው በየቤቱ እየዞሩ መውጣት የማይችሉ አረጋውያንን ማንሣት ጀመሩ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የወላጆቻችሁን ፊት ያገኛችሁት ከእሳቸው እጅ ነው። አዳራሽ ውስጥ አንድም ፎቶ አልተሰቀለላቸውም፤ ይህም እንደቆጫቸው አለፉ።

ታናሽ እህታቸው ግን እሳቸውን አንሥታ አታውቅም። በየሠርጉ ካሜራዋን ስታነሣ እኛ ጀርባ ይደበቁ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ታናሽ እህታቸው ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶ ላንሣሽ ብላ ለመነቻቸው። ብርሃኑን እኔ ካስተካከልኩ ብለው እሺ አሉ። ባለቤታቸውን መጋረጃ አስገለጡ፤ እሷንም «ትንሽ ወደ ግራ» አሏት። እሷ ከመደርደሪያው አሮጌውን ባዶ ካሜራ ስታነሣ ሳቃቸው መጣ።

«እኔኑ በራሴ ዘዴ?» አሉ።

ባዶ ነው ብለው ፊታቸውን እንደዋዛ ተዉት፤ እየሳቁ ቀጥ ብለው አዩዋት። ቀጭ አለ። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ አገጫቸውን አንሥተው ለሁለተኛው ካሜራ ተዘጋጁ። ሁለተኛው የመታወቂያ ፎቶ መስሎ ወጣ። ታናሽ እህታቸው ግን አስቀድማ ማድ ቤት ገብታ ባዶው ካሜራ ውስጥ ፊልም አስገብታበት ኖሯል።

ፎቶው ታጥቦ መጣላቸው። እሷን አስጠርተው እጇን ያዙና፣ «ቀናሁብሽ» አሏት። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያላሏት ይህን ነበር።

እህታችን በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው፣ ወንድማቸውና ታናሽ እህታቸው በሐዘን ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥሩ ብርሃን ባለበት ያሳርፍልን። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ እየሳቁ የምታዩአቸው፣ ባዶ ነው ባሉት ካሜራ የተነሡት ናቸው።