ላሜራ ሲለኩ የኖሩት የአቶ ወልደሰንበት እስጢፋኖስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደሰንበት እስጢፋኖስ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ በቆርቆሮ ሥራ ከኖሩት ከአባታቸው ከአቶ እስጢፋኖስ ወልደመስቀልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦሼ ባዳቾ በ1952 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ከተማ ተወለዱ። ከእናታቸው ጋር ወላይትኛ፣ ከአባታቸው ጋር ጉራጊኛ እየተናገሩ አደጉ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ሻሸመኔ ሄደው በአንድ ጋራዥ የባትላሜራ ሥራ ማለትም የተጎዳ የመኪና አካል ማቅናትን ተማሩ። በ1979 ዓ.ም. ተመልሰው ሶዶ ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1981 ዓ.ም. የወላይታዋን በዴሳ ተወላጅ ወይዘሮ አሳየሽ አብርሃምን አግብተው ህብረትንና ሳህሊቱን ወለዱ።

አቶ ወልደሰንበት ከተጎዳ በርና ከተጨማደደ የጎማ መከለያ ፓርፋንጎ ላይ መዳፍ የምታህል ላሜራ ቆርጠው የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። በእያንዳንዷ ላይ የፋብሪካውን ስም፣ መኪናው የተሠራበትን ዓመትና በሚሊሜትር የለኩትን ውፍረት በምስማር ጭረው ይጽፋሉ። ቀለሙንና ጎድጓዳው የሚሞላበትን ስቱኮ ሳይልጡ አይለኩም፤ “ቀለምና ስቱኮ ውፍረት አይደለም” ይሉ ነበር። ላሜራው ስስ ስለሆነ ብቻ ግን መኪና አይንቁም። እኩል የሳሱ የሁለት ፋብሪካ ላሜራዎችን በጉጠት ይዘው እያጠፉ ይመልሳሉ። አንዱ አሥር ጊዜ ሲታጠፍ ምንም አይሆንም፣ ሌላው በሦስተኛው ይሰነጠቃል። ይህን ለባለመኪናው እያሳዩ ሲያስረዱት እሱ የሚጠይቃቸው “ጋሼ፣ ለነገ ይደርሳል?” ብቻ ነበር። ይህ ዕድሜ ልካቸውን ሲያበሳጫቸው ኖሯል።

በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. ልጃቸው ሳህሊቱ ከምታስተምርበት ከበዴሳ ወደ ሶዶ ስትመለስ የተሳፈረችበትን ሚኒባስ የጭነት መኪና ከጎን መታው። በሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀኝ እግሯን ያዘው። እግሯም ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አባቷ ከሆስፒታል ባስወጧት በሳምንቱ ሚኒባሱ ወደ ቆመበት ግቢ ሄደው በሩን ላጡና ለኩ። ውፍረቱ ዜሮ ነጥብ አራት ሚሊሜትር ነበር። ፋብሪካው የሠራው ዋናው በር ዜሮ ነጥብ ስምንት ሲሆን በውስጡም ከጎን የሚመጣን ምት የሚችል የብረት ድጋፍ አለው። ይህኛው ድጋፍ አልነበረውም። ዋናውን አስመስለው የሠሩት መለዋወጫ ነበር።

ያንን በር ከሁለት ዓመት በፊት የገጠሙት አቶ ወልደሰንበት ራሳቸው ነበሩ። ባለመኪናው አዲስ ነው ብሎ ከነማሸጊያው አመጣላቸው፤ ቀለም የተቀባ ስለነበር ላለመላጥ ብለው ሳይለኩ ገጠሙት። ይህን ማንም አያውቅም ነበር፤ ቤተሰቡ ያወቀው ከራሳቸው አፍ ነው። ሳህሊቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው “በሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ” አሏት። እሷም “አባዬ፣ እንደዚያ ያለ በር ስንት መኪና ላይ አለ?” አለቻቸው።

መልሱን ፍለጋ ከሁምቦ እስከ ሃላሌ ዞሩ። አንዳንድ ሾፌር አስለክቷቸዋል፣ አንዳንዱ “የልጅዎ ነገር አእምሮዎን ነክቶታል” ብሎ መልሷቸዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስምንት እንደዚያ ያሉ በሮች አገኙ። ዝርዝሩን በእጃቸው ጽፈው፣ ከናሙና ላሜራ ጋር ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት አስገቡ። የእኛ ሥራ አይደለም ተብለው ወደ ሌላ ተላኩ። ሌላው ደግሞ መለኪያዎ ትክክለኛነቱ አልተረጋገጠም አላቸው። መለኪያውን አዲስ አበባ ወስደው አስፈትሸው፣ ማረጋገጫ ይዘው ሲመለሱ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ተዛውሯል፣ ፋይሉም አልተገኘም። እንደገና ጻፉ፤ ማመልከቻው አራት ደረሰ። ይህን ታሪክ የጻፍኩት የወንድማቸው ልጅ ዓመለወርቅ ነኝ፤ አራቱን ማመልከቻዎችም በኮምፒውተር የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ በአራተኛው ላይ “አጎቴ፣ ይብቃዎት” ብያቸው ነበር። “እኔ ገጥሜዋለሁ፤ ማን ይበቃሃል ይለኛል?” ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን በእሳቸው መናደዴ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይሁን እንጂ በጋራዣቸው ሳይለካና ውስጡ ሳይታይ የተገጠመ በር ከአደጋው ወዲህ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ብዙ ደንበኞች ሸሿቸው።

አቶ ወልደሰንበት ባደረባቸው የሳንባ ሕመም አንድ ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ማመልከቻው ከገባበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰን። አቶ ወልደሰንበት ናሙናዎቻቸውን ይዘው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ ይጠይቃል። ሳህሊቱ አንብባ አጠፈችውና “እኔ እቀርባለሁ” አለች።

አቶ ወልደሰንበት የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ሲሆኑ ሦስት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አሳየሽ፣ ለልጆቻቸው፣ ለወዳጆቻቸውና ለሙያ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን። በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ የኖሩትን የአባታችንን ነፍስ እሱ ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን። አሜን።