የወደቀ ነጥብ አያገኝም

ለተከበሩ የልብስ እጥበት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተስተካከለ፣ በተለይም ትንፋሽዎ ያልተቆራረጠ እንዲሆን እመኛለሁ። ትንፋሽን ለይቼ ማንሣቴ ከሰባት ሳምንት ወዲህ በቤታችን ከእርሱ በቀር ስለ ሌላ ነገር ስለማይወራ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የሥራዎ ብዛት አስረስቶዎት እንደሆነ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ሒሳብ ያስተማርሁዎት፣ ዛሬ በጡረታ ላይ የምገኝ መምህር ነኝ። በድርጅትዎ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ያጠበችው፣ በሰሌዳዎም ላይ በደረጃ ሠላሳ አንድ የተመዘገበችው ሠራተኛ ደግሞ ልጄ ናት። የምለምንዎ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ይህን አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ክፍት አድርጌዋለሁ። ከልመናዬ በፊት ግን ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ለተራ ቁጥር ያለኝን ፍቅር ያውቃሉ።

አንደኛ፤ የተማሩትን ስላልረሱ አመሰግንዎታለሁ። በዚያ ዓመት ዴስክ ሥር ደብቀው፣ አውሬ እየያዙ የሚያሳድጉበትን ጌም ሲጫወቱ ያዝሁዎት። ወላጅ ይዘው እንዲመጡ ከማዘዝ ይልቅ፣ የጨዋታውን ሕግ በተራ ቁጥር ጽፈው ካመጡ ጌሙን እንደምመልስልዎ ቃል ገባሁ። ጽፈው አመጡ። ለሌሎች ተማሪዎች ምሳሌ እንዲሆን ስላስቀረሁት ደብተሩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ።

ደብተሩን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አውሬዎቹ ከዝቅተኛ ደረጃ ይጀምራሉ። በውጊያ ሲያሸንፉ የልምድ ነጥብ ያገኛሉ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃቸው ከፍ ይላል። አንድ ደረጃ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ነጥብ የደረጃው ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ለደረጃ ሁለት ስምንት፣ ለደረጃ አምስት መቶ ሃያ አምስት፣ ለደረጃ አሥር አንድ ሺህ። በዚህ ምክንያት ጀማሪው በአንድ ውጊያ ብዙ ደረጃ ሊዘል ይችላል፤ አንጋፋው ግን ለአንዲት ደረጃ ብዙ ውጊያ ይለፋል። በውጊያው ለቅጽበት እንኳ የቆመ ሁሉ ነጥቡን እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ደካማውን ፊት አሳይቶ ወዲያው በብርቱው መተካት ደካማውን በቶሎ ያሳድገዋል፤ እዚህ ጋ በኅዳጉ ላይ «ብልሃት» ብለው ጽፈዋል። ማካፈያ የሚባል ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ከረጢት ውስጥ ለተቀመጡት፣ ጭራሽ ላልተዋጉትም፣ ድርሻ ያደርሳል። ተራ ቁጥር ስድስት እንዲህ ይላል፦ «በውጊያው የወደቀ ነጥብ አያገኝም።» ከሥሩ ተራ ቁጥር ሰባት አለ፤ ወደ እርሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ቅዳሜና እሑድን ስሌቱን አንድ በአንድ ስፈትሽ ዋልሁ። ስሕተት ስላጣሁበት አሥር ከአሥር ሰጠሁዎት፤ በቀይ እስክሪብቶም «ግሩም» ብዬ ጻፍሁበት። በተራ ቁጥር ስድስት ፊት ለፊት የትክክል ምልክት አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ የእኔ ጥፋት መሆኑ እዚሁ ይመዝገብልኝ፤ ሒሳቡን አረምሁ እንጂ ነገሩን አላረምሁም።

ሁለተኛ፤ ስለ ክብር ግብዣዎ አመሰግናለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ነጥብና ደረጃ የሚያሳየውን ትልቅ ሰሌዳ በእጥበት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲያስመርቁ ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ሰጥተውኝ ነበር። ሥርዓቱን ያገኙት ከስምንተኛ ክፍል መምህርዎ መሆኑን በማይክሮፎን ተናገሩ፤ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ማታ ልጄ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ዛሬ አኮራኸኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊት እንዲያ ብላኝ አታውቅም። ያን ቃል መልሼ የምሰጣት ብልሃት ባገኝ ደስ ይለኛል፤ አይገባኝም ነበርና።

ሦስተኛ፤ ስለ ማካፈያው። በሥርዓትዎ መሠረት ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች በመስታወት ክፍላቸው ተቀምጠው ከቡድኑ እኩል ነጥብ ይደርሳቸዋል። ሠራተኞቹ የእርስዎን ጨዋታ ከልጆቻቸው ስለተማሩ «ከረጢቶቹ» ይሏቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ አዳራሹን ብቅ ብሎ ካየ፣ «ዛሬ ከረጢቱን ማን ፈታው?» ትላለች ካውያ ያዥዋ፤ ሳቅ በማሽን ድምፅ ስለሚዋጥ ነጥብ አያስቀንስም። አባቶች ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ያሉት ለከንቱ ልፋት ነበር። እርስዎ ግን ላም ያልዋለበትን ሜዳ ሁሉ በኩበት ሞልተው ተረቱን ሽረውታል።

አራተኛ፤ ስለዚያ ሐሙስ። የበረኪና ክፍሉ ማናፈሻ ከቆመ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ልጄ ሁለት ጊዜ አመልክታለች። ለጥገና ማሽን ያስቆመ ቡድን ነጥብ እንደሚቀነስበት ተነግሯት ተመለሰች፤ ስለዚህ አላስቆመችም፤ ማንም አላስቆመም። በዚያ ቀን ወደ ክፍሉ እንድትገባ የተመደበችው የመጀመሪያ የሥራ ቀኗን በልምምድ አሳልፋ ሁለተኛውን የያዘች፣ ገና ደረጃ ሁለት ላይ ያለች ልጅ ነበረች። የእኔዋ፣ የልጅቱ ስም ሰሌዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ ብቻ በሩ ላይ አቆመቻትና እጇን ይዛ አስወጣቻት፤ በምትኳም ራሷ ገባች። ልጅቱ የቀኑ ነጥብ እንዳይቀርባት፣ ሽታውም እንዳያገኛት ብላ ነው። በኅዳጉ ላይ የጻፉት ብልሃት ይኸው ነው፤ አውሬዎችዎ እንኳ እንዲህ በራሳቸው ፈቃድ ሲያደርጉት አልጻፉም።

ፈረቃው የሚጀምረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሚያበቃው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ልጄ ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ላይ ወደቀች። ጓደኞቿ ከተተኮሱት መካከል አንድ አንሶላ ስበው ሲሚንቶው ላይ አነጠፉላት፤ በዚያው አንሶላ አራቱን ጫፍ ይዘው ወደ ውጭ አወጧት።

አምስተኛ፤ ስለ መዝገብ አያያዝዎ። በዚህ ላይ በዝርዝር እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ሙያዬ ነውና። የዚያን ቀን የቡድኑ ውጤት አንድ ሺህ ሰማንያ አራት ነጥብ ነበር። ከዚህ ላይ አራት ነጥብ ተቀንሷል፤ ምክንያቱም በሰሌዳው እንዲህ ተጽፏል፦ «ከቀኑ 10፡43፣ አንሶላ ቁጥር 4417፣ መሬት ላይ ተነጥፎ በመገኘቱ ዳግም ይታጠብ።» የቀረው አንድ ሺህ ሰማንያ ነው። ፈረቃው ሲዘጋ ቆመው ለተገኙት ስድስት ሠራተኞችና ለሦስቱ ከረጢቶች፣ ለዘጠኝ ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው መቶ ሃያ ደረሳቸው። ልጄ ቆማ ብትገኝ ኖሮ ለአሥር ይካፈልና መቶ ስምንት ይሆን ነበር። ስለዚህ ከልጄ መውደቅ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ነጥብ አተረፉ። እርሷ በተራ ቁጥር ስድስት መሠረት ዜሮ አገኘች።

በጥበብዎ የጨመሩት ደንብ ከዚህ ይቀጥላል። ዜሮ ነጥብ ያለው ሠራተኛ በዚያ ቀን እንዳልተገኘ ይቆጠራል። ያልተገኘ ሰው ደግሞ በሥራ ቦታ ሊወድቅ አይችልም። አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚከተል ሳየው፣ የሒሳብ ማረጋገጫ ሲጻፍ እንዲህ መሆን አለበት ብዬ ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የደከምሁበት ትዝ አለኝ። መድረሻው ላይ ብቻ ልጄ የለችም።

ሦስት ጠዋት ተመላልሼ መዝገብ ክፍልዎ ደጅ ጠናሁ። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶኛል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ስትወድቅ እኔም በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ሲስተሙ ግን አላያትም» አለኝ። አንሶላውን ያየ ሲስተም ከላዩ የተኛችውን እንዴት ሳያይ እንደቀረ ስጠይቀው፣ አንሶላው ቁጥር እንዳለው አስረዳኝ።

አዲሷ ልጅ ባለፈው እሑድ ቤታችን መጥታ ነበር። ግቢ ብንላት አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች። ከስምንት ነጥብ ተነሥታ በዚያ አንድ ቀን መቶ ሃያ ስምንት ደርሳ ደረጃ አምስት ሆናለች። ልጄ ባትወድቅ ኖሮ መቶ አሥራ ስድስት ላይ ትቀር ነበር፤ አምስትን አትነካም። ይህን ስሌት ለብቻዋ ሠርታ መምጣቷን ሳይ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። «ጋሼ፣ የእሷን ነው የወሰድኩት። እንዴት ነው የሚመለሰው?» አለችኝ። መምህር ስለሆንሁ አውቃለሁ ብላ ነው። ልጄ ከውስጥ ሰምታት ኖሮ ልትመልስላት ሞከረች፤ ሳሉ ቀደማት፤ ልጅቱም ፊቷን አዙራ ሄደች።

አሁን ወደ ልመናዬ እመጣለሁ። ልጄ የምትተኛው በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ነው። በአንድ ትንፋሽ ከአራት ቃል በላይ አትናገርም። በደቂቃ ሠላሳ አራት ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ሰዓቴን ይዤ ጠዋትና ማታ እቆጥራለሁ፤ ትናንት ሠላሳ ስድስት ነበር። በሰሌዳዎ ላይ ከሁሉ ከፍ ብላ የኖረች ሴት የቤታችንን አሥራ አራት ደረጃ መውጣት ስላቃታት አልጋዋን ምድር ቤት፣ መጻሕፍቴ በነበሩበት ክፍል ዘርግተንላታል። የሳንባ ሐኪሙ መርምሯት፣ አልጋ ይዞላት ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን እስከ መጪው ሰኞ ነው። ወጪው በሥራ ጉዳት እንዲሸፈን ሆስፒታሉ የሚጠይቀው በዚያ ሐሙስ ሥራ ላይ መሆኗን የሚገልጽ፣ የድርጅትዎ ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር ነው። መስመሩን እንዳይደክሙ እኔው አርቅቄዋለሁ፦ «ሠራተኛዋ በዕለቱ በሥራ ገበታዋ ላይ ነበረች።» ነጥብ አልጠየቅሁም። ደረጃ አልጠየቅሁም። ነበረች የሚለው ቃል ይበቃናል።

ማስረጃ ካስፈለገ አንሶላ ቁጥር 4417 ምስክሬ ነው። ዳግም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወደ ሥራው እንደተመለሰ ሰምቻለሁ። ለእርሱ ስለተደረገለት እንክብካቤም ከልብ አመሰግናለሁ።

የዘወትር አክብሮቴ ሳይጓደል፣ ሰሌዳዎ እንዳበራ፣ ከረጢትዎም እንደሞላ እንዲቆይ እየተመኘሁ፣ በአንድ ወቅት በእርስዎ ስሌት የኮራሁ፣ ዛሬም ስሌቱን ሳልሰለች የምፈትሽ

ታዛዥዎ
የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርዎ

በድጋሚ የታከለ፦ ወደ ተራ ቁጥር ሰባት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ደብተሩን ገልጬ ደግሜ አነበብሁት። በዚያ በተንጋደደ የልጅነት ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ውጊያው ሲያልቅ የወደቁት መጀመሪያ ወደ መታከሚያ ቤት ይወሰዳሉ። እዚያ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ያድኗቸዋል። ደረጃቸውም አይቀንስም። ይህን ያልሠራ ሰው ጨዋታውን መቀጠል አይችልም።» አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላህ ይህን ታውቅ ነበር። ሰሌዳህን ስትሠራ ስድስቱን በትክክል ገልብጠህ ሰባተኛውን ዘለልኸው። እኔ ደግሞ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ አጨበጨብሁልህ። አሥር ከአሥሩን በቀይ ሰርዤዋለሁ፤ በቦታው ሌላ አልጻፍሁም። አርመህ አምጣ። ወላጅ ይዘህ ና አልልህም፤ ወላጇ እኔ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ደብተሩን ይዤ ቢሮህ በር ላይ እቆማለሁ።